የምጽዋ ባቡር ጣቢያ ቅስቶች ከየት መጡ?

ንድፍ ወዳጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥነ ሕንፃ የምማር ሴት ነኝ። በዚህ ዓመት ከቀይ ባሕር ዳርቻ ሕንፃዎች አንዱን መርጠን እንድናጠና ታዝዘን እኔ የምጽዋን ባቡር ጣቢያ መረጥሁ። በአካል ሄጄ ያላየሁት ስለሆነ የምሠራው ከፎቶግራፎችና ከአሮጌ ካርታዎች ነው። ጣቢያው ጥዋለት በምትባለው ደሴት ላይ የቆመ፣ ወደ ላይ ከመርዘም ይልቅ ወደ ጎን የተዘረጋ፣ ነጭ የተቀባና በረንዳው በተርታ ቅስቶች የተያዘ ሕንፃ ነው። ከአስተማሪዎቼ አንዱ ቅስቶቹን አይቶ «ይህ የቱርክ ሥራ ነው» ሲለኝ፣ ሌላዋ ደግሞ «ባቡሩ የጣሊያን ከሆነ ጣቢያው እንዴት የቱርክ ይሆናል?» ብላ ሳቀችብኝ። ሁለቱም በአንድ በኩል ልክ ይመስሉኛል። ቅስቶቹ በእውነት ከየት መጡ? ሕንፃውንስ ስነድፍ ከየት ልጀምር? ዘመን ስትጠቅሱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብታደርጉልኝ ከምንጮቼ ጋር ለማስተያየት ይቀለኛል።

ኖራና ድንጋይ

የኔ እህት፣ ሁለተኛዋ አስተማሪሽ በዘመን ቆጠራው ትረታለች፤ የመጀመሪያውም ግን ዓይኑ አልዋሸውም። ቱርኮች ምጽዋን የያዙት በ1557 ነው፤ በ1865 ለግብፅ ተላለፈች፤ ጣሊያን የገባው በየካቲት 1885 ነው። ሐዲድ በዚያ ምድር ላይ የተነጠፈው ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ ቱርክ የባቡር ጣቢያ የሚሠራበት ምክንያት አልነበረውም። ነገር ግን የጣሊያን መሐንዲሶች ወደቡን ሲረከቡ ያገኙት ባዶ መሬት አይደለም። ከባሕር ተቆርጦ በወጣ ኮራል ድንጋይ የታነጹ፣ በኖራ የተለሰኑ፣ የተቀረጸ እንጨት ሰገነት ያላቸው ቤቶች በምጽዋ ደሴት ላይ ተጨናንቀው ቆመው ነበር። ጣሊያኖች ለመንግሥት ሕንፃዎች ፊት ሲያወጡ ከነዚህ ቤቶች ቅስቱን ተዋሱ። በደሴቲቱ ላይ ያለው የቀድሞው የጣሊያን ባንክ ሕንፃ፣ ዛሬ በጥይት ተበሳስቶ የቆመው፣ የዚሁ ዓይነት ቅይጥ ጠባይ አለው። እኔ ይህን አሠራር «ተውሶ ማጌጥ» እለዋለሁ። አስመራ ላይ በ1930ዎቹ ያንን ሁሉ ትተው ቀጥ ያለ መስመርና ባዶ ግድግዳ ሲመርጡ፣ ወደቡን ግን በዚያው በዓረብ መልኩ ተዉት። ከደጋው ከተማ የፈለጉት አዲስነትን ነበር፤ ከወደቡ የፈለጉት ግን፣ እንደ እኔ ግምት፣ ከመርከብ የሚወርድ እንግዳ «ወደ ምሥራቅ መጣሁ» እንዲል ነው።

ይህ ግን የነገሩ ግማሽ ነው። ቅስቱን ጌጥ ብቻ አድርገሽ ከወሰድሽው ሕንፃው ያመልጥሻል። ምጽዋ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ የሚጠጋባት፣ በሚብሰው የሙቀት ወራቷ ከ40 የሚያልፍባት፣ ሌሊቱም በእርጥበት የሚያልብባት ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ስፍራ ዋናው ክፍል በረንዳው ነው፤ ከኋላው ያለው ትኬት መቁረጫና መጋዘን የበረንዳው ጥገኛ ነው። ፀሐይ የምታርፈው በቅስቶቹ ዓምድ ላይ ነው እንጂ በክፍሎቹ ግድግዳ ላይ አይደለም፤ ስለዚህ ውስጠኛው ግድግዳ እስከ ቀትር ድረስ ሌሊት ያገኘውን ቅዝቃዜ ይዞ ይቆያል። ከባሕር የሚነፍሰው አየር በቅስቶቹ መካከል ይገባል፤ የሞቀው በከፍተኛው ጣሪያ ስር ተንሳፎ በመስኮቶቹ ይወጣል። ስለዚህ ስትነድፊ ከፊት ገጹ አትጀምሪ። ከጥላው ጀምሪ። የረፋድ፣ የቀትርና የዘጠኝ ሰዓት ጥላ በበረንዳው ወለል ላይ እስከ ምን ድረስ እንደሚገባ ሥይ፤ የቅስቱ ቁመትና የበረንዳው ጥልቀት ለምን እንዲህ እንደሆኑ ያን ጊዜ ይገባሻል።

ሌላም አንድ ነገር ላክልልሽ፤ ይህ ከራሴ ሥራ የመጣ ነው። ከዓመታት በፊት በሌላ የባሕር ዳር ከተማ አንድ አሮጌ ቤት ሲታደስ ከሠራተኞቹ አንዱ ነበርሁ። ያሠራን ድርጅት የቀድሞውን ኖራ አስፍቆ በሲሚንቶ አስለሰነው፤ ሁለት ክረምት ሳይሞላ ልስኑ እንደ እንጀራ ተነሥቶ ወደቀ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የባሕር ድንጋይ ጨው ያዘለ ነው፤ እርጥበቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲወጣ ጨውን ይዞ ይወጣል። ኖራ ያስተነፍሰዋል፤ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል፤ ጨውም ከልስኑ ጀርባ ተከማችቶ እየጠጠረ ይገፋዋል። በዚያ ላይ በውስጡ ብረት ካለ ይዝጋል፣ ዝገቱም ያብጥና ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል። ስለ ምጽዋ ሕንፃዎች ጥገና የምትጽፊው ምዕራፍ ካለ ይህን አትዝለዪው።

መዝገበ ታሪክ

ጥያቄው ስለ ሕንፃ ቢሆንም፣ ሕንፃውን የወለደው መስመር መቼና ለምን እንደተዘረጋ ሳይነገር መልሱ ጎደሎ ይሆናል። የምጽዋ ባቡር ለንግድ አልተጀመረም። በጥር 26 ቀን 1887 ራስ አሉላ በዶጋሊ አንድ የጣሊያን ጦር ከደመሰሱ በኋላ፣ ሮም በጄኔራል ሳን ማርዛኖ የሚመራ ትልቅ ዘመቻ ላከች። ያ ጦር በበረሃ ውስጥ ውኃና ስንቅ እንዲያገኝ ከምጽዋ እስከ ሰአቲ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ተነጠፈ፤ በ1888 መጀመሪያ ወራትም ሥራው ተፈጸመ። ስለዚህ የመስመሩ የመጀመሪያ ጭነት ብስኩት፣ ውኃና ጥይት ነበር ማለት ነው። በዶጋሊ ባለው የመንገድ ድልድይ ላይ በፒዬሞንት ቋንቋ «የሚያስወጣውን ያህል ያስወጣ» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል፤ በዚያ ዘመን የነበረውን የጣሊያን መንፈስ ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ ሐረግ አላውቅም።

በመጋቢት 1888 አፄ ዮሐንስ ብዙ ሠራዊት ይዘው እስከ ሰአቲ ምሽግ ድረስ ወረዱ፤ ጣሊያኖቹም ከምሽጋቸው አልወጡም፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሳይዋጉ ተመለሱ። በምሽጉ ውስጥ ያለው ጦር በየቀኑ ከወደቡ በባቡር ሲቀለብ፣ ውጭ ያለው ሠራዊት ግን አገሩ የማያበቅለውን እህልና የሌለውን ውኃ መፈለግ ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ ለአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ሐዲዱ ሰአቲ ላይ ቆመ። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። በ1896 ጄኔራል ባራቲዬሪ ወደ ዓድዋ ሲዘምት ባቡሩ ከባሕር 27 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ተራራ ሁሉ በበቅሎ፣ በግመልና በሰው ትከሻ ነበር። ግንባታው የቀጠለው ፈርዲናንዶ ማርቲኒ ከ1897 እስከ 1907 ገዥ በነበረበት ዘመንና ከዚያ በኋላ ነው። ባቡሩ ጊንዳ በ1904 ደረሰ፤ ነፋሲት በ1910፤ አስመራ በታኅሣሥ 1911። ርዕሰ ከተማውም በማርቲኒ ዘመን ከምጽዋ ወደ አስመራ ስለ ወጣ፣ ወደቧ ከአስተዳደር መቀመጫነት ወደ በርነት ተቀየረች። ጣቢያውንም እንደ በር ነው ማንበብ የሚገባው።

ጠያቂ ከጎንደር

በአክብሮት አንድ ነገር ልቃወም። አፄ ዮሐንስን የመለሳቸው ባቡሩ እንደሆነ አድርገው ጽፈዋል። ከጀርባ ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል፣ ከሸዋና ከጎጃም ወሬ ሲሰማ፣ ሠራዊቱ በረሃብና በበሽታ ሲመታ፣ አንድ የበረሃ ሐዲድ ይህን ያህል ክብደት ይሰጠዋል?

መዝገበ ታሪክ

ልክ ነዎት፤ ቃሌን ላስተካክል። ንጉሡን የመለሷቸው የጠቀሷቸው ነገሮች ናቸው፤ በ1889 መተማ ላይ የወደቁትም ከዚያው ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ነው። ሐዲዱ ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በምሽጉ ውስጥ ያለው ወገን መጠበቅ እንዲችል አደረገው። ማን ረዘም አድርጎ መጠበቅ ይችላል በሚለው ክርክር ውስጥ ግን ይህ ቀላል አይደለም።

የቀድሞ ባሕርተኛ

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ በወጣትነቴ በንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ውስጥ ምጽዋ አገልግያለሁ። የታሪክና የሥነ ሕንፃ ሊቃውንት ተናግረዋል፤ እኔ ደግሞ የማስታውሰውን ልናገር።

ልጄ፣ ካርታውን ስትዘረጊ በመጀመሪያ ልብ በይው፤ ምጽዋ አንድ ከተማ አይደለችም። ከየብሱ ወደ ጥዋለት ደሴት ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚያልፍ የድንጋይ መሻገሪያ አለ፤ ከጥዋለት ወደ አሮጌዋ ከተማ፣ ወደ ምጽዋ ደሴት፣ ሌላ አጠር ያለ መሻገሪያ አለ። እነዚህን በግብፅ ዘመን ያሠራው ስዊዘርላንዳዊው ሙንዚንገር ነው ይባላል፤ በጥዋለት ላይ ኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ግቢ የሆነውን ቤትም፣ ከምንኩሉ ውኃ የሚመጣበትን ቦይም ከእሱ ስም ጋር ያያይዙታል። ባቡሩ በመጀመሪያው መሻገሪያ ላይ ከመኪናው መንገድ ጎን ለጎን ባሕሩን ያቋርጣል፤ ጥዋለት ላይ ጣቢያው ይቀበለዋል፤ ሐዲዱ ግን እዚያ አያልቅም፤ ሁለተኛውን መሻገሪያ ይዞ ወደ ወደቡ ይዘልቃል። ሰው ጥዋለት ይወርዳል፣ ዕቃ ወደ መርከቡ ይቀጥላል። ስለዚህ የጣቢያውን ሥዕል ብቻውን በነጭ ወረቀት መሐል ብታስቀምጪው፣ ጉልበቱን ቆርጠሽ እግሩን እንደ መሣል ይሆንብሻል።

በእኛ ጊዜ ብዙ ሰው የሚሳፈረው በሊቶሪና ነበር። ሊቶሪና ፊያት በ1930ዎቹ የሠራው፣ በራሱ ሞተር የሚሄድ ባለ አንድ ፉርጎ ባቡር ነው፤ ስሙም ከፋሽስቱ ዘመን የመጣ ነው። ፊቱ እንደ አሮጌ አውቶቡስ አፍንጫ ያለው ነበር። ሐምሌ ላይ የዘብ ፈረቃችንን ጨርሰን የዕረፍት ፈቃድ ስናገኝ፣ ሸሚዛችን ጀርባችን ላይ ተጣብቆ፣ በዚያ በረንዳ ስር እንጠብቅ ነበር። ወለሉ ላይ የሚቀመጥ ሰው ብዙ ነበር፤ ሴቶች በቅርጫት ዓሣ ይዘው፣ የሳሆና የትግረ ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው፣ ሁሉም ወደ ግድግዳው ተጠግተው። አሁን ስለ ጥላው የተጻፈውን ሳነብ ትዝ አለኝ፤ ማንም ከዓምዶቹ አጠገብ አይቀመጥም ነበር፤ ዓምዶቹ ያቃጥሉ ነበር። ሁሉም የሚሻማው ውስጠኛውን ግድግዳ ነው፤ ጀርባህን ስታስደግፍ የሚቀዘቅዝ ግድግዳ። ነፋሲት ስንደርስ ግን ሹራባችንን ከሻንጣ እናወጣ ነበር። ምጽዋ ላይ ላብ፣ አርበሮባ ላይ ጉም፣ አስመራ ላይ ብርድ፤ በአንድ ቀን ሁለት ወቅት ማለት ይኸው ነው።

ድሬ ለገሃር

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በምድር ባቡር፣ በድሬዳዋ ዎርክሾፕ ነው። ጋሽ ባሕርተኛ ስለ ሰው ተናገሩ፣ እኔ ስለ ብረት ልናገር፤ ምክንያቱም የሁለቱ መስመሮች ልዩነት ለተማሪዋ ስለሚጠቅማት ነው።

የኛ፣ የጅቡቲ መስመር፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነው። የምጽዋው ግን 95 ሴንቲ ሜትር ነው። ብዙዎች ይህን አይተው ጣሊያኖች ሆን ብለው ከፈረንሳዩ ጋር እንዳይገጥም ያደረጉት ይመስላቸዋል። ነገሩ ሌላ ነው። የጣሊያን ሕግ ጠባብ መስመርን የለካው ከአንዱ ሐዲድ መሐል እስከ ሌላው ሐዲድ መሐል ነው፤ እንዲህ ሲለካ አንድ ሜትር ይሆናል። የሐዲዱ ራስ ውፍረት ተቀንሶ ከውስጥ ወደ ውስጥ ሲለካ ግን 95 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። በሰርዲኒያና በሲሲሊም ያለው ጠባብ መስመር ይኸው ነው። እኛ ፈረንሳዮች እንዳስተማሩን የምንለካው ከውስጥ ወደ ውስጥ ነው። አምስት ሴንቲ ሜትሩን የፈጠረው የመለኪያው ልማድ ነው።

ሁለተኛው ነገር አቀበቱ ነው። የእኛ መስመር ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመድረስ 784 ኪሎ ሜትር አለው፤ ከፍታውን በርቀት ይከፋፍለዋል። የምጽዋው ከባሕር ወለል ተነሥቶ በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ መውጣት አለበት። በሚከብድበት ስፍራ በየ28 ሜትሩ አንድ ሜትር ይወጣል። ለባቡር ይህ እጅግ ብርቱ ዳገት ነው፤ የብረት ጎማ በብረት ላይ ነውና ጉተታው ካነሰ ይንሸራተታል። ለዚህ ነው በጄኖቫው አንሳልዶ የተሠሩትን የማሌ ሎኮሞቲቮች ያመጡት። የማሌ ጥበብ እንዲህ ነው፦ በአንድ ገላ ስር ሁለት የጎማ ስብስብ አለ፤ የኋለኛው ጠንካራ ነው፤ የፊተኛው ግን በራሱ ምስማር ይዞራል። ስለዚህ ረጅምና ከባድ ሎኮሞቲቭ ሆኖ እያለ፣ በጠባብ ኩርባ ሲሄድ የፊት እግሩን እንደሚያጥፍ በሬ ይታጠፋል። ከምጽዋ እስከ አስመራ ሠላሳ ያህል ዋሻና ብዙ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ከነዚያ ሁሉ ዓይን የሚገባው በኦቤል ወንዝ ላይ ያለው ባለ 14 ቅስት ድልድይ ነው። ይህን ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ኖራና ድንጋይ የጣቢያው ቅስት ከዓረብ ቤት የተወሰደ መሆኑን ነግረውናል፤ እኔ ግን በዚያው መስመር ላይ ያለው ሌላው ቅስት፣ የድልድዩ ቅስት፣ ከዓረብ ጋር ዝምድና የሌለው፣ ድንጋይ ብቻ ይዞ ሸክም መሸከም የሚፈልግ ሰው ሁሉ የሚደርስበት ነው እላለሁ። አንዱ ጥላ ይሸከማል፣ ሌላው ሎኮሞቲቭ ይሸከማል። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ በአንድ ልኬት ብትነድፊያቸው ጥሩ ነው።

ስለ ጣቢያ ሕንፃ ካነሣን ደግሞ አንድ ቅሬታ አለኝ። አዲስ አበባ ለገሃር በ1929 ሲመረቅ የከተማው መግቢያ ነበር፤ መንገዱ ሁሉ ወደ እሱ ይመራ ነበር። የድሬዳዋዋ የከዚራ ሰፈርም የተሠራችው ጣቢያውን ተደግፋ ነው። አዲሱ መስመር ሲመጣ ጅቡቲ ላይ ጣቢያው ከመሐል ከተማ ወጥቶ ናጋድ ሆነ፤ አዲስ አበባ ላይም ወደ ዳር ወጣ። ለሥራው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ከባቡር ወርደህ በእግርህ ወደ ባሕር የምትሄድበት ጣቢያ ዋጋው ሌላ ነው። የጥዋለቱ እንደዚያ ያለ ነው።

ልጅ ከጥዋለት

በአማርኛ የምጽፈው በልጅነቴ በትምህርት ቤት ስለተማርሁት ነው፤ ስህተት ካለ ታገሡኝ። የተወለድሁት ከዚያ ጣቢያ ብዙ ሳይርቅ ነው። እስካሁን የተጻፈው ሁሉ እስከ 1960ዎቹ ያለውን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን እኔ ልሙላ።

በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ በምጽዋ ወደብ የወረደው ሰውና ዕቃ ከባቡሩ አቅም በላይ ነበር። መንገዱ ተስፋፋ፤ ከምጽዋ እስከ አስመራም ወደ 72 ኪሎ ሜትር የሚሆን የአየር ላይ የገመድ መስመር ተሠርቶ በ1937 ሥራ ጀመረ። በ1941 እንግሊዞች ሲገቡ ጣሊያኖች መርከቦቻቸውን በወደቡ ውስጥ አሰጠሙ፤ የገመዱን መስመር ደግሞ እንግሊዞች ነቅለው ወሰዱት። ባቡሩ ግን ቀረ። ከዚያ የጭነት መኪናና አውቶቡስ በረቱ፤ ጦርነቱም መጣ፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ላይ ባቡሩ ቆመ።

ከዚያ በኋላ የሐዲዱን ዕጣ ልንገራችሁ፤ ይህ በዓይኔ ያየሁት ነው። ወታደሮች ሐዲዱንና ከስሩ የሚጋደሙትን የብረት አግዳሚዎች እየነቀሉ ለምሽግ ጣሪያ አደረጉት። ይህን ያደረገው አንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ ሁለቱም ናቸው። ከላይ አፈርና ድንጋይ ተጭኖበት የመድፍ ፍንጣሪ ይመክት ነበር። ባቡር ለመሸከም የተሠራ ብረት ተራራ ተሸክሞ ሰው አስጠለለ። በየካቲት 1990 ከተማዋ ስትያዝና ከዚያም በአየር ስትደበደብ፣ በጥዋለት ያለው የንጉሡ ግቢ ጉልላቱ ተሰብሮ ቀረ፤ ከሕንፃዎቿ ብዙዎቹም ፈረሱ። እኛ ልጆች ስንመለስ መንደሩን የምናውቀው በጠረኑ ነበር እንጂ በመልኩ አልነበረም።

ከነፃነት በኋላ፣ ከ1994 ጀምሮ፣ መንግሥት መስመሩን በራስ ጉልበት ለመጠገን ወሰነ። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተጠሩ፤ ብዙዎቹ ሰባ፣ አንዳንዶቹም ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ነበሩ። ሰዎች ተራራ ለተራራ ሄደው ከምሽጎቹ ብረቱን እያወጡ አመጡት። የተጣመመው ተቃና፤ የጎደለው ምስማር በአስመራ ዎርክሾፕ ተቀጠቀጠ። በ2003 ሐዲዱ እንደገና ከምጽዋ አስመራ ደረሰ። የጥዋለት ጣቢያም ታድሶ ነጭ ተቀባ። ከጉብኝት ባቡሮች በቀር እንደ ቀድሞው መደበኛ አገልግሎት አልተመለሰም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ነገሩ ከእውነቱ በላይ ያማረ ይመስላል።

ለእህታችን አንድ ምክር አለኝ። ስትነድፊው ነጭ አድርገሽ ብቻ አትተይው። ምጽዋ ላይ ነጭ ቀለም ለአንድ ክረምት ነው። ከባሕሩ በኩል ያለው ጎን ይቀድማል፤ ከስር፣ እስከ ሰው ጉልበት ድረስ፣ ጨው ይወጣበትና ይላጣል። ከዚያ በታች ያለው ቢጫማ ድንጋይ ይታያል። ከተማውን የሚያውቅ ሰው ሥዕልሽን የሚያምነው ያንን ካየ ነው።

ኖራና ድንጋይ

ልጅ ከጥዋለት ያሉትን አጸናለሁ። ጉልበት ድረስ ያሉት ያለ ነገር አይደለም፤ ከመሬት ውስጥ ያለው እርጥበት በድንጋዩ ቀዳዳ ተስቦ የሚወጣበት ከፍታ ነው። በዘይት ቀለም የተቀባ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ከፍ ይላል፤ መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይሸሻልና።

በተጨማሪ በ1921 ምጽዋን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ መረሳት የለበትም። በከተማይቱ ብዙ ቤት ስለ ፈረሰ፣ ዛሬ «አሮጌ» እያልን የምናደንቀው ብዙው ከዚያ በኋላ የተሠራ ወይም እንደገና የቆመ ነው። አንድ ሕንፃ የአሮጌ ቤት ቅስት ስላለው ብቻ ዕድሜው የአሮጌ ቤት ነው ብሎ መደምደም በምጽዋ አደገኛ ነው። ቅርጹ ይወረሳል፤ ድንጋዩ ግን አዲስ ሊሆን ይችላል። ምጽዋ ስለ ራሷ ዕድሜ ትዋሻለች ቢባል አልቃወምም፤ ቆንጆ ውሸት ነው።

ንድፍ ወዳጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሥራዬን ቀየርሁት። ከፊት ገጹ ልጀምር የነበረውን ትቼ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ሁለቱን መሻገሪያዎችና ሐዲዱን አስቀመጥሁ፤ ጣቢያው በዚያ ላይ የጣት ጥፍር ያህል ነው። በሁለተኛው የበረንዳው ቁመታዊ ቁራጭ፣ ማለትም ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ውስጡ የሚታይበት ሥዕል፣ ከሦስቱ ሰዓቶች ጥላ ጋር ይገባል፤ ጋሽ ባሕርተኛ የነገሩኝን ከዓምድ የሚሸሹ፣ ወደ ግድግዳ የሚጠጉ ሰዎችንም እዚያ እሥላቸዋለሁ። በሦስተኛው የኦቤል ድልድይና የጣቢያው ቅስት በአንድ ልኬት ይቀመጣሉ። ጨው የበላው ጎን ለመጨረሻው ወረቀት ቀርቷል።

የቱርክ ነው ላሉኝ አስተማሪዬም መልስ አለኝ፤ የሚሰሙኝ መሆናቸውን ግን እንጃ።

ጋሽ ባሕርተኛ፣ አንድ ትንሽ ጥያቄ ይቀረኛል። ከምጽዋ ወደ አስመራ ሲወጣ፣ ባሕሩን ለማየት በባቡሩ በየትኛው ወገን መቀመጥ ይሻል ነበር? ለመጀመሪያው ወረቀት የእይታ አቅጣጫ ልጨምር ነው።

የቀድሞ ባሕርተኛ

ልጄ፣ በዚህ ጥያቄ በሊቶሪናው ውስጥ ስንት ሰው ሲከራከር አይቻለሁ! በመሻገሪያው ላይ እያለሽ ባሕሩ በግራም በቀኝም ስለሆነ የትም ብትቀመጪ ለውጥ የለውም። እስከ ሰአቲና ማይ አጣል ድረስ ደግሞ ወደ ኋላ መዞር ነው እንጂ በጎን የሚታይ ነገር የለም፤ ሜዳው ሁሉ እሾህና ትቢያ ነው። ከጊንዳ በላይ ሐዲዱ በተራራው ላይ ስለሚጠማዘዝ ገደሉ አንድ ጊዜ በግራሽ ነው፣ ከዋሻ ስትወጪ በቀኝሽ ነው። አዲስ መጪዎች ወንበር ለመለዋወጥ ሲሯሯጡ፣ መንገዱን የሚያውቁት የአስመራ ነጋዴዎች ከመነሻው ጀምሮ እንቅልፋቸውን ይተኙ ነበር። እኔ የማደርገውን ከጠየቅሽኝ፣ ከኋላ በር አጠገብ እቆም ነበር። አየሩ ከጠራ፣ ከነፋሲት በላይ አንድ ኩርባ ላይ፣ ያ ሁሉ ቆላ ከስርሽ ተዘርግቶ በመጨረሻው ላይ እንደ ቢላ ስለት የሚያብረቀርቅ ቀጭን መስመር ይታያል፤ ባሕሩ እሱ ነው። ቶሎ ካላየሽው ዋሻው ይውጠዋል።